የሚሸጥበትን ዋጋ ተፎካካሪው የሚተምንለት ነጋዴ
የአሜሪካ አነስተኛ ፋርማሲዎች ለምን ይዘጋሉ?

የአዲስ አበባ ፋርማሲ ባለቤት መድኃኒቱን ከአስመጪ ወይም ከጅምላ አከፋፋይ ይገዛል፤ ትርፉን ይጨምራል፤ ከደንበኛው ገንዘቡን ይቀበላል። ሂሳቡ በአመዛኙ እዚያው ባንኮኒው ላይ ያልቃል። የአሜሪካው አነስተኛ ፋርማሲ ባለቤት ግን ይህ ዕድል የለውም። በስንት እንደሚሸጥ የሚነግረው ሌላ ድርጅት ነው። ያ ድርጅት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የራሱ ፋርማሲ ያለው ተፎካካሪው ሆኖ ይገኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕመምተኛው የሐኪም ማዘዣውንና የኢንሹራንስ ካርዱን ይዞ ይመጣል። ፋርማሲስቱ ማዘዣውን ኮምፒዩተር ውስጥ ሲያስገባ በሰከንዶች ውስጥ መልስ ይመጣለታል፤ «ከደንበኛው ይህን ያህል ተቀበል፣ እኛ ደግሞ ይህን ያህል እንከፍልሃለን» የሚል። መልሱን የሚሰጠው በኢንሹራንስ ኩባንያውና በፋርማሲው መካከል የቆመ፣ በምህጻሩ ፒቢኤም የሚባል ድርጅት ነው። የመድኃኒት ወጪን ለኢንሹራንሶችና ለአሠሪዎች ያስተዳድራል፤ ከአምራቾች ጋር የዋጋ ቅናሽ ይደራደራል፤ ለፋርማሲዎች ይከፍላል። ደላላ ብንለው አንባቢ ይረዳናል። የእኛ ደላሎች ግን ቅር አይበላቸው፤ እነርሱ ቢያንስ በሚያሻሽጡት ሱቅ ፊት ለፊት የራሳቸውን ሱቅ ከፍተው አይቀመጡም።

ሦስት ፒቢኤሞች ገበያውን ይዘውታል። እነዚህም ሲቪኤስ ኬርማርክ፣ ኤክስፕረስ ስክሪፕትስና ኦፕተም አርኤክስ ናቸው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በሐምሌ 2024 (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2023 በአገሪቱ ፋርማሲዎች ከተስተናገዱት 6.6 ቢሊዮን ያህል ማዘዣዎች ውስጥ ወደ 80 በመቶ የሚጠጋው በእነዚህ በሦስቱ በኩል አልፏል።

ሦስቱም ብቻቸውን የቆሙ አይደሉም። በመላ አገሪቱ በሺህ የሚቆጠሩ ፋርማሲዎች ያሉት ሲቪኤስ በ2007 ኬርማርክን ጠቀለለ። በ2018 ደግሞ ኤትና የተባለውን ኢንሹራንስ በ69 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። በዚያው ዓመት ሲግና ኢንሹራንስ ኤክስፕረስ ስክሪፕትስን ወሰደ። ኦፕተም የዩናይትድ ሄልዝ ኢንሹራንስ ንብረት ነው። ባጭሩ ኢንሹራንሱ፣ ከፋዩና ፋርማሲው በአንድ ኪስ ገብተዋል።

በአቅርቦት በኩልም ቢሆን ምርጫው ጠባብ ነው። ማኬሰን፣ ሴንኮራና ካርዲናል ሄልዝ የተባሉት ሦስት ጅምላ አከፋፋዮች የአገሪቱን የመድኃኒት ሥርጭት ከ90 በመቶ በላይ ይዘዋል። እንግዲህ ትንሹ ፋርማሲ ከሦስት ገዝቶ ለሦስት ይሸጣል ማለት ይቻላል።

ችግሩ በሂሳብ ሲታይ ይበልጥ ይገለጻል። ለምሳሌ ያህል ባለፋርማሲው አንድ ውድ መድኃኒት በ900 ዶላር ገዛ እንበል። ኮምፒዩተሩ ከደንበኛውና ከፒቢኤሙ ድምር 870 ዶላር እንደሚያገኝ ይነግረዋል። ከሸጠ 30 ዶላር ከሰረ፤ አልሸጥም ካለ ደግሞ ደንበኛው ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ሌሎች ማዘዣዎቹንም ይዞ ይሄዳል። ውሉን ልደራደር ቢል «ተቀበል ወይም ተወው» ከማለት ያለፈ ምላሽ ማግኘቱ ያጠራጥራል። ዋጋውን አልቀበልም ብሎ ከአንዱ ፒቢኤም ቢወጣ የሰፈሩን ሲሶ ደንበኛ ሊያጣ ይችላል። አንዳንድ የኢንሹራንስ ዕቅዶች ደግሞ ዘወትር የሚወሰዱ መድኃኒቶችን ደንበኛው ከራሳቸው ፋርማሲ በፖስታ እንዲያስመጣ ያስገድዳሉ ወይም ያባብላሉ።

ከሁሉ የከፋው ወደኋላ የሚነጠቀው ገንዘብ ነበር። ሜዲኬር በተባለው የአረጋውያን ኢንሹራንስ ሽያጩ ከተፈጸመ ከወራት በኋላ ፒቢኤሙ «የአፈጻጸም ነጥብህ አነሰ» በሚል ከተከፈለው ላይ ይቀንስ ነበር። ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቅናሹ በሽያጩ ሰዓት እንዲታወቅ ሕጉ ተለወጠ። ነገር ግን ለውጡ በተጀመረባቸው ወራት ባለቤቶቹ ያለፈውን ዓመት ዕዳ እየከፈሉ የአዲሱንም ዓመት ዝቅተኛ ዋጋ መቀበል ግድ ሆነባቸው። በዚያው የካቲት የዩናይትድ ሄልዝ ንብረት የሆነው ቼንጅ ሄልዝኬር በኮምፒዩተር ሰርጎ ገቦች ተመታና ክፍያ የሚያልፍበት መስመር ተቋረጠ። በባንክ ተቀማጭ የሌለው ፋርማሲ እንዴት እንደሰነበተ መገመት አያስቸግርም።

አንባቢ «ይህ የትንሽነት ጣጣ ነው» ይል ይሆናል። አይደለም። በ1962 የተመሠረተው ራይት ኤይድ በ2023 እና በ2025 ሁለት ጊዜ መክሰሩን አስታውቆ በ2025 የመጨረሻ ሱቆቹን ዘጋ። እርግጥ ነው፣ ከባድ ዕዳና ከሱስ አስያዥ ማስታገሻዎች ጋር የተያያዙ ክሶችም ነበሩበት። በ2015 የአክሲዮኑ ጠቅላላ ዋጋ ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ የነበረው ዋልግሪንስ ደግሞ በ2025 በ10 ቢሊዮን ገደማ ለሲካሞር ፓርትነርስ ተሽጦ ከአክሲዮን ገበያ ወጣ። ብዙ ሱቅ መያዝ ብቻውን አላዳነም። ክፍያውን በእጁ የያዘው ሲቪኤስም ቢሆን ከ2022 እስከ 2024 ባለው ጊዜ ወደ 900 ሱቆች ዘግቷል፤ ነገር ግን አንዱ ኪሱ ሲጎድል ሌላው ይደግፈዋል።

ፒቢኤሞቹ በበኩላቸው ዋጋ የሚያስቀንሱት እነርሱ እንደሆኑ ይከራከራሉ። ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። በታኅሣሥ 2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክፍለ ግዛቶች የፒቢኤም ክፍያን መቆጣጠር ይችላሉ ሲል ለአርካንሳስ ፈረደ። አርካንሳስ በዚህ ተበረታታና በ2025 ፒቢኤሞች ፋርማሲ እንዳይኖራቸው የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሲቪኤስ በክፍለ ግዛቱ ያሉት 23 ፋርማሲዎች እንደሚዘጉ አስጠነቀቀ፤ ከሰሰም። በሐምሌ የፌዴራል ዳኛ ሕጉን አገዱት። ሰሜን ዳኮታ ግን ከ1963 ጀምሮ የፋርማሲ አብዛኛው ድርሻ በባለፈቃድ ፋርማሲስቶች እጅ እንዲሆን ደንግጋ ይዛለች። በ2014 ሕዝቡ ሕጉ ይነሣ ወይ ተብሎ ተጠይቆ አይነሣ ብሏል።

ሌላው መውጫ ፒቢኤሙን ጨርሶ መተው ነው። በጥር 2022 ሥራ የጀመረው የባለሀብቱ ማርክ ኩባን ኩባንያ በገዛበት ላይ 15 በመቶና የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ጨምሮ በጥሬው ይሸጣል። ይህ ለእኛ ነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም። ይሁንና ዋጋቸው ለቀነሰ መድኃኒቶች እንጂ ለውዶቹ ያለ ኢንሹራንስ የሚከፍል ደንበኛ ማግኘት ይከብዳል።

ተስፋ የቆረጠ ባለቤት ሲሸጥ ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው መደርደሪያውን አይደለም፤ የደንበኞቹን የማዘዣ መዝገብ ነው። ገዢው ትልቅ ኩባንያ መዝገቡን ወደ ራሱ ቅርንጫፍ ያዛውርና ሱቁ ይዘጋል። በዚያ አገር ፋርማሲ ለመግዛት ወይም ከወዳጅ ጋር ገንዘብ ለማዋጣት የሚያስብ ወገን ካለ፣ የዓመቱ ጠቅላላ ሽያጭ ብዙም አያጓጓው። ውድ መድኃኒት በኪሳራ ሲሸጥም ያ አሃዝ ያድጋል። መጠየቅ ያለበት ከየፒቢኤሙ ስንት ማዘዣ እንደሚመጣ፣ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ከግዢ ዋጋ በታች እንደተከፈለ፣ ውሉም መቼ እንደሚያበቃ ነው።