የማኅፀን በር ነቀርሳን ቀድሞ ማቆም ይቻላል

በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁት የነቀርሳ (የካንሰር) ዓይነቶች መካከል ከጡት ነቀርሳ ቀጥሎ የሚገኘው የማኅፀን በር ነቀርሳ ነው። የዓለም አቀፉ የነቀርሳ ምርምር ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ ከ7,400 የሚበልጡ ሴቶች በዚህ በሽታ ሲያዙ ከ5,300 የሚበልጡ ደግሞ ሞተውበታል። ይሁን እንጂ መንስኤው የታወቀ፣ አመጣጡም የዘገየ በመሆኑ ይህን በሽታ ቀድሞ መግታት ይቻላል። ምእመናንና የፕሮጀክት ሠራተኞች ለእናቶችና ለልጃገረዶች በትክክል ማስረዳት እንዲችሉ ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች ከዚህ በታች እናቀርባለን።

መንስኤው ምንድን ነው?

በሽታውን የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤች.ፒ.ቪ. የተባለው ተሕዋስ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ዙር ሃውዘንና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 ቁጥር 16 እና ቁጥር 18 የተባሉትን የቫይረሱን ዓይነቶች በማኅፀን በር ነቀርሳ ውስጥ አገኙ። ሐኪሙም ለዚሁ ሥራ በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ከ10 የማኅፀን በር ነቀርሳ ሕሙማን የ7ቱ ያህል በሽታ የሚመጣው በእነዚህ በሁለቱ ዓይነቶች ነው።

ቫይረሱ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ጊዜ በሚኖር የቆዳ ንክኪ ነው። ኮንዶም አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አይከላከልም። ግንኙነት የጀመሩ ወንዶችና ሴቶች አብዛኛዎቹ በሕይወታቸው በአንድ ወቅት ይይዛቸዋል። ከእነዚህም የሚበዙት ምንም ሳይታወቃቸው ሰውነታቸው በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ያስወግደዋል። በጥቂት ሴቶች ላይ ግን ቫይረሱ ሳይለቅ ይቆይና የማኅፀንን በር ቀስ በቀስ ይለውጠዋል። ለውጡ ወደ ነቀርሳ እስኪደርስ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። የሰውነታቸው የመከላከል ኃይል በተዳከመ ሴቶች፣ ለምሳሌ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ኖሮ ሕክምና ባልጀመሩት ላይ፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊሆን ይችላል።

ኀፍረት የሚያስከትለው ጉዳት

ብዙ ሴቶች ወደ ምርመራ የማይሄዱት “ምን ይሉኛል?” በማለት ነው። አንዳንዱም ባል ውጤቱን ሲሰማ ሚስቱን ይጠረጥራል። ይህ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ቫይረሱ ለብዙ ዓመታት ምልክት ሳያሳይ በሰውነት ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ ምርመራው መቼና ከማን እንደ ተላለፈ ሊናገር አይችልም። ከአንድ ባሏ በቀር ሌላ ወንድ የማታውቅ ሴትም ልትያዝ ትችላለች። ስለሆነም የምርመራው ውጤት ለጠብና ለፍቺ ምክንያት ሊሆን አይገባም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ በዚህ በሽታ ከቫይረሱ ይልቅ ዝምታው የገደላቸው ጥቂቶች አይደሉም።

ክትባት ለልጃገረዶች

ክትባቱ በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው 14 ዓመት ለሆናቸው ልጃገረዶች በሁለት ዙር በመስጠት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ መርፌም በቂ መከላከያ እንደሚሰጥ ካስታወቀ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ልጃገረዶች በአንድ መርፌ ብቻ የሚሰጥበት ዘመቻ ተካሄደ። በልጅነት የሚሰጥበት ምክንያት ክትባቱ ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት እንጂ ከገባ በኋላ ስለማያድን ነው።

“ክትባቱ ያመክናል” የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። በውስጡ ሕያው ቫይረስ የለም፤ የተሠራው የቫይረሱን የውጭ ሽፋን ከሚመስል ፕሮቲን ነው። ይልቁንስ ማኅፀንን የሚያሳጣው ሳይታከም የቀረው ነቀርሳ ነው። “ክትባቱ ልጆችን ወደ ልቅነት ይመራል” የሚለውም ሥጋት በጥናት አልተረጋገጠም።

ምርመራ ለእናቶች

የዓለም ጤና ድርጅት ሴቶች ሁሉ ከ30 ዓመታቸው፣ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለ ደግሞ ከ25 ዓመታቸው ጀምረው እንዲመረመሩ ይመክራል። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የሚደረገው ምርመራ ቀላል ነው። ባለሙያዋ በአቼቶ ውስጥ የሚገኘውን አሲድ በቀጭኑ በጥብጣ የማኅፀኑን በር ትቀባለች፤ የተለወጠ ሥፍራ ካለ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነጥቶ ይታያል። ተገቢ ሆኖ ከተገኘም በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ሊወገድ ይችላል። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት ባይኖርም ቫይረሱ ያመጣውን ለውጥ ማጥፋት ይቻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ሕመም እስኪሰማ መጠበቅ አይገባም። ከግንኙነት በኋላ ወይም ካረጡ በኋላ ደም መታየት፣ ከወር አበባ ውጪ መድማት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የማያቋርጥ የወገብ ሕመም ብዙውን ጊዜ በሽታው ከገፋ በኋላ የሚመጡ ናቸው። እነዚህን ያየች ሴት ሳትዘገይ ወደ ሐኪም ትሂድ። በዚህ ደረጃ ቀዶ ሕክምና ወይም የጨረር ሕክምና ያስፈልጋል። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በመላው አገሪቱ የሚገኘው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ዛሬ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ቢጀመርም፣ ከገጠር ለምትመጣ እናት መንገዱ ሩቅ፣ ወጪውም ከባድ ነው።

ምን እናድርግ?

የፕሮጀክት ሠራተኞች በየአካባቢያቸው ምርመራ የሚሰጠው ጤና ጣቢያ የትኛው እንደሆነ፣ በየትኛው ቀንም እንደሚሰጥ ጠይቀው ለእናቶች ያስታውቁ። የሴቶች ኅብረቶች አባሎቻቸው ብቻቸውን ከሚሄዱ ሁለት ሦስት ሆነው እንዲሄዱ ያበረታቱ። ሽማግሌዎችና አባቶችም ስለዚህ በሽታ በግልጽ ይናገሩ፤ የክትባቱ ቡድን ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ሴት ልጆቻቸው እንዳይቀሩ ይጠንቀቁ። ከትምህርት ገበታ ውጪ ያሉት ልጃገረዶች በቀላሉ ስለሚዘነጉ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲያገኟቸው መርዳት ከእኛ ይጠበቃል። የተከተበች ልጅም ክትባቱ ሁሉንም የቫይረሱን ዓይነቶች ስለማይሸፍን፣ ዕድሜዋ ሲደርስ መመርመር እንዳለባት ከወዲሁ እናስረዳት።