ሰው ሠራሽ መብረቅ

በአዋሽ ሰባት ኪሎ ወይም በሰመራ ከተማ በባጃጅ ያልተሳፈረ እንግዳ የለም ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ይህች ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ 20,000 ቮልት ገደማ እያመነጨች እንደምትሮጥ ስንቱ ተሳፋሪ ያውቃል? ባትሪዋ ያለው 12 ቮልት ብቻ ነው። የቀረው ከየት መጣ?

በብዙዎቹ ባጃጆች ካፓሲተር የሚባል የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ አለ። የባትሪው ኃይል በመጀመሪያ ወደ ጥቂት መቶ ቮልት ከፍ ይልና በዚህ ዕቃ ይከማቻል። የሞተሩ ተራ ሲደርስም ባንድ ቅጽበት ወደ ቦቢናው ይለቀቃል። በቦቢናው ውስጥ አንዱ ሽቦ ጥቂት ዙር፥ ሌላው እጅግ ብዙ ዙር የተጠመጠመ ስለ ሆነ ቮልቱ በብዙ እጥፍ አድጎ በካንዴላው ጫፍ አየሩን ሰንጥቆ ብልጭ ይላል። (በዚያው መንገድ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት ታላላቅ የጭነት መኪኖች ይህ ብልጭታ አያስፈልጋቸውም፤ ናፍጣው በታመቀ አየር ሙቀት ይቀጣጠላል።)

በአዋሽ የሚያልፈው፥ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር ደግሞ ኃይሉን የሚያገኘው ከ25,000 ቮልት ሽቦ ነው። ሽቦውን ከምሰሶው የሚለዩት ኢንሱሌተሮች ግን መብረቅ ሲወርድ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቮልት ይገጥማቸዋል። መቻላቸው በምን ይታወቃል? ክረምት እስኪገባ ቆሞ መጠበቅ አይሆንም፤ መብረቁን ራሱን መሥራት ነው እንጂ።

ዘዴውን ጀርመናዊው መሐንዲስ ኤርቪን ማርክስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 ዓ.ም. ገለጠው። አሥር ሰዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ ቁመታቸው ያው የአንድ ሰው ነው፤ አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ቢወጣ ግን ጣራ ያልፋሉ። ማርክስም አሥር ካፓሲተሮችን ጎን ለጎን አድርጎ እያንዳንዳቸውን 100,000 ቮልት እንደ መሙላት ያለ ሥራ ሠራ። ሲለቀቁ ተደራርበው ይያያዛሉ፤ ቮልቱም ወደ 1,000,000 ይጠጋል። ጉልበቱ ግን ከተጠራቀመው አይበልጥም። እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ማያያዣው ነው፤ በሁለት የብረት ኳሶች መካከል ያለ ባዶ አየር ብቻ! የመጀመሪያው ክፍተት ሲፈነዳ በሚቀጥለው ላይ የሚያርፈው ቮልት ስለሚጨምር እርሱም ይፈነዳል፤ እንዲህ እያለ ሁሉም ይከተላል። በመደበኛው ፈተና ቮልቱ ጫፍ የሚደርሰው በሰኮንድ 1.2 ሚሊዮንኛ ያህል ጊዜ ነው።

ፈተናው ሲያልቅ ሠራተኛው ማብሪያውን ማጥፋቱ አይበቃውም። ካፓሲተር ምንጩ ከተቋረጠ በኋላም ኃይሉን ይዞ ይቆያልና፥ ከመሬት ጋራ በሽቦ በተያያዘ ዘንግ እያንዳንዱን ሳይነካ እጁን አያስገባም። አሮጌ ቴሌቪዥን መፈታታት የሚወዱ ተማሪዎችም ይህን ልብ ይበሉ፤ ባለ ትልቅ መስተዋቱ ቴሌቪዥን ገመዱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል።