የጅዳው ልጅ ማጂድ አብዱላህ ያልተሰበረ ክብረ ወሰን

ክርስቲያኖ ሮናልዶ እ.ኤ.አ. በ2023/24 የውድድር ዘመን 35 ግቦች አስቆጥሮ የሳዑዲ ሊግን የአንድ ዘመን ክብረ ወሰን ሲይዝ፣ ሸረፊያ ውስጥ ወሬውን ያልሰማ ሕፃን አልነበረም። ከእርሱ በፊት ግን የአል ነስርን ማሊያ የለበሰ ሌላ ግብ አዳኝ ነበር፤ በ1959 በጅዳ የተወለደው ማጂድ አብዱላህ።

ማጂድ ከ1977 እስከ 1998 ክለቡን ሳይለውጥ ተጫውቷል። የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ የሆነው 6 ጊዜ ነው። ከሁሉ በላይ የሚታወሰው ግን በሲንጋፖሩ የ1984 የእስያ ዋንጫ ፍጻሜ ነው፤ ቻይና 2 ለ 0 ስትረታ ግብ ጠባቂውን አልፎ ሁለተኛዋን ግብ አስቆጠረ። ሳዑዲ ዓረቢያ ዋንጫውን ስታነሣ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ለብሔራዊ ቡድኑ ያገባቸውን ግቦች አንዱ መዝገብ 71፣ ሌላው 72 ይላል። ክርክሩ ስለ አንዲት ግብ እንጂ ስለ ቀዳሚነቱ አይደለም፤ ዝነኛው ሳሚ አል ጃቢር እንኳ በ46 ቆሟል።

በሊጉ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቆጠራቸውን ሊጉ «ፕሮፌሽናል» ከተባለበት ከ2008 የሚጀምሩ ዝርዝሮች ማጂድን አያውቁትም። ሜዳውም መረቡም ያው ነበርና ይህ ሚዛን የጎደለው ቆጠራ ነው። ተመሳሳይ ጉድለት የነበረበት የአሜሪካ ቤዝቦል በ2024 የጥቁሮችን የቀድሞ ሊጎች ውጤት ከዋናው መዝገብ ጋር ቀላቅሏል፤ በ1947 ያረፈው ጆሽ ጊብሰንም በ0.372 የምት አማካይ የምንጊዜም ቀዳሚ ሆኖ ተመዝግቧል።