አርጅታ የምትወጣ አዲስ ላዳ

በመኪና ገበያ አሮጌውን አዲስ አስመስሎ መሸጥ የቆየ ብልሃት ነው። በስቱኮና በቀለም የተሸወደ ገዢ ስንቱ ነው! የሞዴል መኪና ሠሪዎች ሥራ ግን ግልባጩ ነው፤ ገና ከእጅ የወጣችውን ትንሽ መኪና ብዙ ዓመት ኮረኮንች የበላት ማስመሰል።

ለመሆኑ ገዢ ለዝገት ለምን ይከፍላል? ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ በሚያወርደው ቁልቁለት በሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ሲመላለስ የኖረ ሰው፣ የምታብለጨልጭ ላዳ ቢያቀርቡለት አሻንጉሊት ናት ብሎ ያልፋታል። እሱ የሚያውቃት ፓራፋንጎዋ የዛገውን፣ በበር እጀታዋ ዙሪያ ቀለሙ በእጅ ብዛት ያለቀውን፣ ጣሪያዋ በፖርቶመጋላ የተፋቀውን ነው። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. በስፋት ከፈረሰች፣ የላዳዎቹም ቁጥር ከተመናመነ ወዲህ ደግሞ ይህ ገዢ የሚፈልገው ትዝታውን ነው።

ብዙ ሠሪ የሚሳሳተው በልኬት ነው። የፊያት 124 ልጅ የሆነችው ላዳ 2101 ርዝመቷ 4.07 ሜትር ነው፤ በተለመደው የ1:43 ልኬት 9.5 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። በእርሷ ላይ 1 ሚሊ ሜትር የምታህል የዝገት ነጥብ በትልቋ መኪና ላይ ከ4 ሳንቲ ሜትር ትበልጣለች። ጀማሪው በብሩሽ ጠብ ጠብ ሲያደርግባት ታዲያ መኪናዋ ጥይት የበሳት ትመስላለች። ከዚህ ይልቅ የስፖንጅ ቁራጭ ቀለም አስነክቶ፣ አብዛኛውን ወረቀት ላይ ጨርሶ፣ በቀረው ጠርዙን ብቻ መንካት ይሻላል።

የተሻለው ዘዴ ቀለሙን በእርግጥ መላጥ ነው። በቅድሚያ የዝገት ቀለም ተቀብቶ በቨርኒሽ ይታሸጋል። የፀጉር ስፕሬይ ይረጭበትና በውኃ የሚበጠበጠው ሰማያዊ ቀለም ይደረባል። ሰማያዊው እንደደረቀ በእርጥብ ብሩሽ ሲታሽ፣ ስፕሬዩ ስለሚሟሟ ቀለሙ እየተላጠ ዝገቱ ብቅ ይላል። ቀጥሎ በአኳራጅ የቀጠነ ቡናማ የዘይት ቀለም በበሩና በኮፈኑ ክፍተቶች ውስጥ ገብቶ እድፍ ይሆናል። ቲነር የታችኛውን ቀለም ይበላልና አይሞከርም።

የቀረው የዓይን ሥራ ነው። የዝገት ውኃ ቁልቁል ይወርዳል፤ ጭቃ ከጎማው ወደ ኋላ ይረጫል፤ ጥቀርሻ በማርሚታው ጫፍ ይሰበሰባል። አቧራ የለበሰ መስታወት መጥረጊያው በሚደርስበት ቦታ ንጹሕ ነው። ሁሉንም ጎን እኩል ያቆሸሸ ሠሪ መኪና አይቶ አያውቅም ማለት ነው።

እያንዳንዱ ቀለም መድረቅ ስላለበት ሥራው ቀናት ይወስዳል። ወጪው ከቀለሙ ይልቅ ጊዜው ነውና፣ ያረጀችውን በንጹሕዋ ዋጋ የሚሸጥ ሠሪ ጉልበቱን በነጻ ሰጠ።

ደላሎች ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ከሶቪየት ኅብረት ዘመን የተረፈች የ1:43 ላዳ ከነካርቶኗ እጃቸው ከገባች ብሩሽ ባያስነኳት ይበጃል። ሰብሳቢ የሚከፍለው ፋብሪካው ለቀባው ቀለምና ለካርቶኑ ነው።