ከ«ስንተኛ ወጣህ?» ወደ «ምን ታውቃለህ?»

ሰኔ 30 በደረሰ ቁጥር በሐዋሳ ፒያሳ፣ ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ሐይቁ በሚወስደው ጐዳና ላይ፣ ካርዳቸውን ጨብጠው የሚተሙ ተማሪዎችን ማየት የተለመደ ነው። ባለሱቁም ሆነ የባጃጅ ነጂው፣ ከኢንዱስትሪ ፓርክ ፈረቃዋን ጨርሳ የምትመለሰው ሠራተኛም ሆነች በደጃፋቸው የተቀመጡት እናት፣ ልጁን አስቁመው የሚያቀርቡለት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንተኛ ወጣህ?»

ጥያቄው ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ስለ ትምህርት ያለንን አመለካከት ለብዙ ዘመን አጥብቦ የያዘው ይኸው ጥያቄ በመሆኑ፣ ዛሬ ጥያቄውን ራሱን መመርመር ግድ ይለናል። ደረጃ የሚነግረን ልጁ አጠገቡ ከተቀመጡት መብለጡን ወይም ማነሱን ብቻ ነው። ማንበብና ማስላት መቻሉን፣ ያነበበውንም በራሱ ቃል ማስረዳቱን አይነግረንም። ስድሳ ልጆች በሚማሩበት ክፍል ውስጥ ስድሳውም በወጉ ማንበብ ባይችሉ እንኳ፣ ከመካከላቸው አንዱ አንደኛ መውጣቱ አይቀርም።

ይህ ምናብ የወለደው ምሳሌ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች የማንበብ ችሎታ በሚማሩበት ቋንቋ ሲመዘን፣ ከሁለተኛ ክፍሎቹ ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። በሲዳምኛ ከተመዘኑት የሁለተኛ ክፍል ልጆች ደግሞ ከግማሽ የሚበልጡት እንዲሁ ነበሩ። ይሁንና በዚያው ዓመት በየትምህርት ቤቱ ካርድ ታድሏል፤ አንደኛ ለወጡትም ተጨብጭቧል።

በዚያው ዘመን ፊደል የቆጠሩት ልጆች ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርሱ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የ2014 ዓ.ም. አገር አቀፍ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በጥብቅ ቁጥጥር በተሰጠ ጊዜ፣ ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። ፈተናውን መውቀስ አይገባም፤ በ2008 ዓ.ም. ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ እስከ መሰረዝ መድረሱን ለምናስታውስ፣ ቁጥጥሩ እውነቱን ገልጦ አሳይቶናል። ጥፋቱ ያለው እውነቱን ለማወቅ ዐሥራ ሁለት ዓመት በመጠበቃችን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ ምዘና ጊዜውን ጠብቆ፣ ለማስተማር እንዲያገለግል ሆኖ መሰጠት አለበት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን ያስገባው ለዚሁ ዓላማ ነበር። በተግባር ግን በብዙ ክፍሎች ትንንሽ ፈተናዎችን እየደመሩ ከመቶ ወደ መሙላት ተለወጠ። በተጣበበ ክፍል የሚያስተምረው መምህር ብቻውን የዚህ ተጠያቂ ሊሆን አይችልም።

ከገዛ ታሪካችንም የምንማረው አለ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ቀበሌዎች የጣቢያዎቹ አንቀሳቃሾች ነበሩ። ጎልማሳው ሲመዘን የተጠየቀው ማንበብና መጻፍ መቻሉን እንጂ ስንተኛ መሆኑን አልነበረም። ያልቻለውም ተጨማሪ ትምህርት እንዲከታተል ይደረግ ነበር። ዘመቻው የዩኔስኮን ሽልማት አስገኝቷል። የኋላ ኋላ ግን የምስክር ወረቀት ቁጥር ራሱ እንደ ግብ ሲቆጠር፣ የሚያነበው ጽሑፍ ያጣ ብዙ አዲስ አንባቢ ያወቀውን መልሶ ረሳ። መለኪያው ዓላማውን ሲተካ ውጤቱ ምን ጊዜም ይኸው ነው።

በውጭ አገርም ቢሆን የጽሑፍ ፈተና ብቸኛው መለኪያ አይደለም። በሩሲያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ጥያቄ የተጻፈበትን ወረቀት በዕጣ አንሥቶ፣ ጥቂት ጊዜ አስቦ፣ መምህሩ ፊት ቀርቦ በቃሉ ያስረዳል። ከጓደኛ በመኮረጅ ይህን ማለፍ አስቸጋሪ ነው። የእኛ አገር የቆሎ ተማሪም ቢሆን መምህሩ ፊት ቆሞ ቀለሙን ካላደረሰ ወደሚቀጥለው አይሻገርም ነበር።

ይህን ለውጥ በትምህርት ቤት ውስጥ ማን ይምራው? ርእሰ መምህሩ ነው። ስሙ ራሱ ኃላፊነቱን ይናገራል፤ የመምህራን ራስ እንጂ የወረቀትና የስብሰባ ራስ አልተባለም። ቀኑን በሪፖርትና በስብሰባ የሚጨርስ ርእሰ መምህር ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ሊያውቅ አይችልም። እውነተኛ አመራር ማለት ክፍል ገብቶ ትምህርቱን መከታተል፣ የከበዳቸውን ልጆች ከመምህሩ ጋር ለይቶ ማወቅ፣ ብርቱውን መምህር ለታችኞቹ ክፍሎች መመደብ፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ለውጥ መኖሩን መልሶ ማየት ነው። ለቦታው የሚመረጠውም በማስተማር ችሎታው እንጂ በመታዘዙ መሆን የለበትም።

የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞችም ተመልካቾች ብቻ አይደለንም። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት ሲሰበሰብ ወሬያችን ሁሉ ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ሆኖ መቅረት የለበትም። «ከሦስተኛ ክፍል ልጆቻችን ስንቶቹ ያነባሉ? ለማያነቡትስ ምን ታስቧል?» ብለን እንጠይቅ። ይህን ለማወቅ አንድ ገጽ ጽሑፍና ለእያንዳንዱ ልጅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። መልሱ አሳፋሪ ቢሆን እንኳ እውነቱን የነገረንን ርእሰ መምህር ከመክሰስ ይልቅ ልንደግፈው ይገባል፤ አለበለዚያ በሚቀጥለው ጊዜ የምንሰማው ያማረ ቁጥር ብቻ ይሆናል።

በሚመጣው ሰኔ 30 ከፒያሳ ወደየሠፈሩ የሚመለሰውን ልጅ እንደ ልማዳችን እናስቁመው። ከካርዱ በፊት ግን መጽሐፉን እንዲያወጣ እንጠይቀው። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ልጇ መንተባተቡን ወይም ማንበቡን በጆሮዋ ታውቃለች። «እስቲ ልጄ፣ አንድ ገጽ አንብብልኝ» ለማለት ደግሞ ማንም ሹም ፈቃድ አይሰጠንም፤ ማንም ሊከለክለንም አይችልም።