ኮምፒውተር ወደ ክፍል ሲገባ መምህሩ የት ይሁን?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ከዚህ ወዲህ የትምህርት ቴክኖሎጂ ነገር የባለሙያዎች ብቻ ሳይሆን የወላጆችም ጉዳይ ሆኗል። ልጁን ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሾኔ ወይም ከሺንሽቾ ወደ ፈተና የሚሸኝ ወላጅ የልጁ ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ማውስና ኪቦርድ የመጠቀም ልምዱም ሊያሳስበው ይገባል።

የፈተናው ውጤት ራሱ አሳሳቢ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነዋል። መሻሻል ቢኖርም ከአሥር ተፈታኞች ዘጠኙ አሁንም ከግማሽ በታች ናቸው። ታዲያ ኮምፒውተር፣ ታብሌትና ስልክ ይህን ሊለውጡ ይችላሉ? መሣሪያው ብቻውን አይለውጥም፤ መምህሩ በእጁ ይዞ ሲያዝበት ግን ብዙ ሊያግዝ ይችላል።

ከፕላዝማው ዘመን የተገኘ ትምህርት

አገራችን ለዚህ ጥያቄ አዲስ አይደለችም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» በመባል የሚታወቀው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ተዘርግቶ ነበር። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሥነ ዜጋ ከአንድ ማዕከል በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይተላለፉ ነበር። በዚያ ዘመን የተማሩ የዛሬ ወላጆች ሁኔታውን ያስታውሱታል።

ዓላማው በጎ ነበር፤ በመምህር እጥረት የተቸገረ የገጠር ትምህርት ቤት የከተማው ተማሪ የሚያገኘውን ትምህርት እንዲያገኝ ማድረግ ነበር። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነበር። ስርጭቱ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ስለሚወስድ ለመምህሩ የሚቀረው መግቢያና መደምደሚያ ብቻ ነበር። ያልገባው ተማሪ «ይደገምልኝ» ቢል ቴሌቪዥኑ አይሰማም፤ መምህሩም ሊያቆመው አይችልም። የእንግሊዝኛው ፍጥነት ለብዙዎች ከባድ ነበር። መብራት ከጠፋም ትምህርቱ ያመልጣል።

መምህሩን ወደ ተመልካችነት የሚያወርድ መሣሪያ፣ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ ተማሪውን ከጥያቄው ጋር ይተወዋል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

ፔሩ በደቡብ አሜሪካ ለገጠር ትምህርት ቤቶች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖችን አከፋፍላ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ጥናት ግን ተማሪዎቹ በሒሳብና በቋንቋ ያመጡት ውጤት እንዳልተሻሻለ አሳይቷል። ላፕቶፑ ለልጁ ቢሰጥም መምህሩ በትምህርቱ ውስጥ እንዴት እንደሚጠቀምበት በቂ ሥልጠናና ድጋፍ አላገኘም ነበር።

ጎረቤታችን ኬንያ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ቱሶሜ» ማለትም «እናንብብ» በተሰኘው ፕሮግራም ሌላ መንገድ ያዘች። ለየአንዳንዱ ልጅ የታተመ መጽሐፍ፣ ለመምህሩ የዕለት ተዕለት የማስተማሪያ መምሪያ ተሰጠ። ታብሌቱ የተሰጠው መምህራንን ክፍል ድረስ ሄደው ለሚደግፉ ሱፐርቫይዘሮች ነበር። የልጆቹ የማንበብ ችሎታም ተሻሻለ። መሣሪያው ጥቂት ቢሆንም መምህሩን ስለደገፈ ሥራውን ሠራ።

ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ መሣሪያዎች

ኔትወርክ በሚቆራረጥበትና የካርድ ዋጋ በሚከብድበት አካባቢ «ዲጂታል» ሲባል ኢንተርኔት ብቻ መስሎ መታየት የለበትም። «ኮሊብሪ» የተባለው ነፃ ሶፍትዌር የቪዲዮ ትምህርቶችንና መልመጃዎችን በአንድ ኮምፒውተር ላይ አከማችቶ ለሌሎች ኮምፒውተሮችና ስልኮች ያለ ኢንተርኔት ያሠራጫል። «ኪዊክስ» ደግሞ ዊኪፒዲያን የመሰሉ ሰፊ የዕውቀት ምንጮችን አንድ ጊዜ ካወረዱ በኋላ ያለ ኔትወርክ ለማንበብ ያስችላል። ይህን ሁሉ የእጅ መዳፍ የምታህል ትንሽ ኮምፒውተር ልትሸከመው ትችላለች፤ የምትፈልገውም ኃይል ከአንድ አምፖል ብዙም ስለማይበልጥ በአነስተኛ የፀሐይ ኃይል ልትሠራ ትችላለች።

አንድ ትምህርት ቤት ይዘቱን ኢንተርኔት ካለበት ከተማ በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ማምጣት ይችላል። በሆሳዕና የሚገኘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ፣ የዱራሜ ካምፓሱና የሆሳዕና መምህራን ትምህርት ኮሌጅ በአካባቢው መኖራቸው ለዚህ ዓይነቱ ትብብር የቀረበ ዕድል ነው።

በክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?

ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር «ፌት» የተባሉትን ነፃ የሳይንስ ማሳያዎች መጠቀም ይችላል። እነዚህን ማሳያዎች በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያስጀመሩት የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን ናቸው። ተማሪው በስክሪን ላይ ባትሪና አምፖል ያገናኛል፤ ሽቦውን ሲነቅል ምን እንደሚሆን ያያል። መምህሩ አስቀድሞ «ሁለተኛ አምፖል ብንጨምር ብርሃኑ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?» ብሎ ከጠየቀ፣ ተማሪዎቹም መልሳቸውን በደብተራቸው ጽፈው ከሞከሩ፣ ትምህርቱ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከዚያ በእውነተኛ ባትሪና አምፖል ቢደገም ደግሞ የበለጠ ይጸናል።

የባዮሎጂ መምህር ስለ ባክቴሪያ ሲያስተምር ምሳሌውን ከጓሮ ሊያመጣ ይችላል። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው ከሚተላለፍባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ያልጸዳ ቢላዋ ነው። ስልክ ያለው ተማሪ የጠወለገ ቅጠል ፎቶ አንሥቶ ቢያመጣ ክፍሉ በሙሉ ምልክቱን ተመልክቶ ሊወያይበት ይችላል። ልጁም ወደ ቤቱ ሲመለስ ለአባቱ «ቢላዋውን በእሳት ሳናሳልፍ ወደ ሌላው እንሰት አንሂድ» ብሎ ምክንያቱን ያስረዳል። እንዲህ ሲሆን ትምህርቱ ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለማሳም ይጠቅማል።

የጂኦግራፊ መምህርም የሀምበሪቾን ተራራ በሳተላይት ምስል ቢያሳይ፣ ተራራውን በዓይናቸው የሚያውቁት የዱራሜ ተማሪዎች ካርታ ማንበብን ከሚያውቁት ነገር ተነሥተው ይለምዳሉ።

የአፍ መፍቻ ቋንቋ ዕድል

በአካባቢው በአንደኛ ደረጃ የሚሰጡት ሀዲይሳና ከምባትሳ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ናቸው። ስለዚህ ማንኛውም ስልክ ወይም ኮምፒውተር ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር ሊጽፋቸው ይችላል። የሚያንሰው የተዘጋጀ ይዘት ነው። አንድ መምህር የአካባቢ አዛውንት ተረት ሲያወጉ በስልኩ ቀድቶ፣ ጽሑፉን አዘጋጅቶ ለክፍሉ ቢያሰማ፣ ልጆች እያዳመጡ የሚያነቡት ነገር ያገኛሉ። ይህ ሥራ ከአንድ ስልክና ከትንሽ ድምፅ ማጉያ በላይ ወጪ አይጠይቅም።

ስልክ የሌለው ልጅ እንዳይረሳ

ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲዘጉ ትምህርቱ ወደ ሬዲዮ፣ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ቴሌግራም ተሻገረ። ይሁንና ቴሌቪዥንም ስልክም በሌለበት ቤት ያለ ልጅ ከትምህርቱ ርቆ ቆየ። ዛሬም መምህሩ መልመጃውን በቴሌግራም ብቻ ከላከ፣ የጎደለው ስልክ የልጁ ጥፋት ሳይሆን ቅጣቱ የልጁ ይሆናል። ውኃ ቀድታና እንጨት ለቅማ ለጥናት የምትቀመጥ ልጃገረድ የቤቱ ስልክ በወንድሟ እጅ ከሆነ ከሁሉም ይበልጥ ትጎዳለች። ስለዚህ በስልክ የተላከ ሁሉ በወረቀት ወይም በሰሌዳ መገኘት አለበት፤ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍልም ከትምህርት ሰዓት ውጭ በተራ ክፍት ቢሆን ክፍተቱን ያጠብባል።

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

«ትምህርት ለትውልድ» በተሰኘው ንቅናቄ ኅብረተሰቡ በገንዘቡም በጉልበቱም ትምህርት ቤቶችን ሲያድስ ቆይቷል። በውጭ አገር የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆችም ኮምፒውተር ሊለግሱ ይችላሉ። ገንዘብ ከመዋጣቱ ወይም ስጦታ ከመረከቡ በፊት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ጥቂት ጥያቄዎችን ማንሣት ይገባዋል። መሣሪያው በየትኛው ትምህርት፣ በየትኛው ምዕራፍ ላይ ይውላል? መምህራኑ ሥልጠና አግኝተዋል? መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል? ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል፣ በምን ገንዘብ? በሳምንት እያንዳንዱ ተማሪ ስንት ሰዓት በእጁ ይነካዋል?

እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካጡ ኮምፒውተሮቹ ተቆልፎባቸው አቧራ መጠጣታቸው አይቀርም። መልስ ካገኙ ግን አሥር አሮጌ ኮምፒውተሮችም ቢሆኑ አንድን ትምህርት ቤት ሊጠቅሙ ይችላሉ። ሒሳቡን ከሰሌዳው፣ ጥያቄውን ከመምህሩ፣ ልምምዱን ከኮምፒውተሩ ያገኘ ተማሪ ለፈተናው ቀን ማውስ ለመያዝም ለማሰብም ዝግጁ ሆኖ ይቀርባል።