አቃቂ ሳይዘንብ አቃቂ ሲሞላ

በክረምት አጋማሽ አቃቂ ላይ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ወንዙ ደፍርሶ፣ ግንድና ፌስታል ተሸክሞ እየጮኸ ይመጣል። ለአካባቢው ነዋሪ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እንግዳ ሰው ግን ጠብታ ያልወረደበት ሰፈር በምን ይጥለቀለቃል ብሎ ግራ ይጋባል። መልሱ ያለው በስተሰሜን፣ ዝናቡ ከወረደበት ከእንጦጦ በኩል ነው።

አዲስ አበባ ዘቅዛቃ ከተማ ናት። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትርን ሲያልፍ፣ የአቃቂ ሜዳ ወደ 2,100 ሜትር ዝቅ ይላል። ትንሹ አቃቂ ከገፈርሳ በኩል ተነስቶ በከተማዋ ምዕራብ ይወርዳል። ትልቁ አቃቂ ደግሞ የለገዳዲና የድሬ ግድቦች ካሉበት ከምሥራቅ ይመጣል፤ የቀበና ወንዝም የሚቀላቀለው ከዚሁ ጋር ነው። ሁለቱ አቃቂዎች አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። ስለዚህ ሽሮ ሜዳ ጣራ ላይ ያረፈ ዝናብ ውሎ አድሮ የአቃቂ ሰው ጉዳይ ይሆናል።

መጠኑን በስሌት እንየው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 30,000 ሜትር ኩብ ውሃ ወረደ ማለት ነው፤ 20,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ 1,500 ጊዜ ይሞላል። መሬቱ ሣርና ዛፍ ከሆነ ከዚህ ውስጥ ብዙውን ይጠጣል፣ የቀረውንም በዝግታ ይለቃል። ቆርቆሮ፣ አስፋልትና ኮብልስቶን ከሆነ ግን አብዛኛው ወዲያው ቦይ ውስጥ ይገባል። ጎርፉን የሚያከፋው የውሃው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ቦይ ውሃውን በአንድ ጊዜ ወንዝ ውስጥ መጣሉም ጭምር ነው።

ታች ሜዳው ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። የአቃቂ አካባቢ መረሬ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባው ጥቁር አፈር፣ የሰኔን ዝናብ በስንጥቁ ይውጠዋል። ሐምሌ ላይ ያብጥና ስንጥቁ ይደፈናል፤ ነሐሴ ሲገባ ጠግቦ ውሃ አላስገባ ይላል። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» የሚለውን አባባል እዚህ ላይ ባንሰማው ይሻላል። ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሰባት ሰዎች በጎርፍ ሲሞቱ ለቡሄ የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነበር። መሬቱ ጠግቦ ከከረመ ደግሞ ከቡሄ በኋላ የሚጥል መካከለኛ ዝናብም በሰኔ ከሚጥለው ከባድ ዝናብ የበለጠ ሊያጥለቀልቅ ይችላል።

መሬት ውሃ አልጠጣ ሲል ጎርፍ የሚመጣው እኛ ዘንድ ብቻ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ሜዳማ አገሮች፣ ከአሜሪካ ወደ ካናዳ የሚፈሰው ሬድ ሪቨር የሚሞላው በክረምት ሳይሆን በጸደይ ነው። ወራት ሙሉ የተከመረው በረዶ ይቀልጣል፣ ሥሩ ያለው መሬት ግን ገና በቅዝቃዜ እንደ ድንጋይ እንደጠጠረ ስለሆነ ውሃውን አይጠጣም። ወንዙ ወደ ሰሜን ስለሚፈስ የላይኛው ደቡብ ቀድሞ ይቀልጣል፣ የታችኛው ሰሜን ገና በረዶ ነው። ተሰብሮ የሚንሳፈፈው የበረዶ ሰሌዳ መታጠፊያና ድልድይ ላይ ተቆልሎ ወንዙን ሊዘጋው ይችላል። ያን ጊዜ ከመዝጊያው በላይ ያለው ሰፈር ይጥለቀለቃል፤ ክምሩ በድንገት ሲለቅ ደግሞ ከታች ያለው ይመታል። እ.ኤ.አ. በ1997 ይህ ወንዝ ግራንድ ፎርክስ የተባለችውን የአሜሪካ ከተማ አጥለቅልቆ ነዋሪዎቿን ሁሉ ማለት ይቻላል ከቤታቸው አስወጥቷል። ከታች ያለችው የካናዳዋ ዊኒፔግ ግን እ.ኤ.አ. በ1968 ዙሪያዋን የሚያልፍ 47 ኪሎ ሜትር የጎርፍ ማስቀየሻ ቦይ ቆፍራ ስለጨረሰች በአብዛኛው ተረፈች።

እኛ ዘንድ የበረዶ ክምር የለም፤ የቆሻሻ ክምር ግን አለ። የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ፌስታል፣ ማዳበሪያ፣ ከግንባታ የተደፋ አፈርና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ድልድይ ሥር ሲጠላለፉ የሚሆነው ያው ነው፦ ውሃው ወደ ኋላ ያብጣል፣ ቤት ይገባል፣ መዝጊያው ሲበጠስ ወደ ታች ይደረመሳል። የወንዙን ወርድ ገፍቶ የሚሠራ አጥርና ግንብም ይህንኑ ያባብሳል።

በአንድ ቦታ ዘንቦ በሌላ ቦታ የሚገድለው ደራሽ ጎርፍ በአገራችን ከፍተኛ ጥፋት ካደረሰባቸው ጊዜያት አንዱ ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ነው። ከድሬዳዋ በላይ ባሉት ደጋዎች የዘነበው ዝናብ፣ በበጋ አሸዋ ብቻ በሆነው በደቻቱ ወንዝ ወርዶ በተኛ ከተማ ላይ ደረሰ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ።

አቃቂ ላይ ጎርፍ ሲመጣ ወንዝ ዳር የሰፈረውን መውቀስ ይቀናናል። እኔ ግን ግማሹ ጥፋት የላይኞቹ ነው እላለሁ፤ ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ ያለበሰ፣ ቆሻሻውን ዝናብ ጠብቆ ቦይ ውስጥ የደፋ ሁሉ ድርሻ አለው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የወንዝ ዳርቻ ልማት የሚመዘነውም በአበባው ሳይሆን ለውሃው በተወው ስፋት መሆን አለበት። አቃቂ ላይ ብቻ የድጋፍ ግንብ መደርደር ዕዳውን ለሚቀጥለው ሰፈር ማስተላለፍ ነው።

ወንዝ ዳር የምትኖሩ ወይም አትክልት የምታለሙ፣ ከራሳችሁ በላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን የሰሜኑን ተመልከቱ። እንጦጦ ከጠቆረ፣ የወንዙ ቀለም ድንገት ከተለወጠ፣ ቅርንጫፍ መውረድ ከጀመረ ከብትም ሆነ የውሃ ፓምፕ ለማውጣት ወደ ወንዙ አትውረዱ። ግድብ ሞልቶ ውሃ እንደሚለቀቅ የሚነገር ማስጠንቀቂያ ከሰማችሁም እንዲሁ። በኃይል የሚሄድ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ አዋቂ ሰው ሊጥል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ትንሽ መኪና ሊወስድ ይችላል። የተደፈነ ድልድይ ካያችሁ ዝናቡ ሳይመጣ ለወረዳው አመልክቱ፤ አደጋ ከደረሰ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስልክ 939 ነው።